ጅማ ላይ ቀብድ ከፍለን ወራሽ መጣብን፤ ምን ይሻለናል?

የአዌቱ_ማዶ፦ ጥር 11

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

የምንኖረው ጅማ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ከአጋሮና ከሊሙ ቡና የሚጭን አይሱዙ ይነዳል። ዘጠኝ ዓመት በኪራይ ኖረን አምስት ቤት ቀያይረናል። አንዷ አከራያችን ያስወጣችን ልጃችን ግድግዳ ላይ በከሰል ስለጻፈ ነው። እቁብ ገባን፣ ባለቤቴ ከብት ሸጠ፣ እኔም ከቁጠባ ማኅበር ተበደርኩ። እንዲያ ብለን ነው ይችን ብር ያጠራቀምነው።

ከሂርማታ ወደ አዌቱ ወንዝ ስትወርዱ አንድ ቤት አገኘን። አራት ክፍል የጭቃ ቤት ነው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ጓሮው ውስጥ አንድ አቮካዶና ስድስት እግር ቡና አለ። ዋጋው 2 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ተባለ። የሚሸጥልን ሰው የቤቱ ባለቤት የነበሩት ሟች ትልቅ ልጅ ነው። ካርታው አሁንም በአባትየው ስም ነው። አራት ላይ ታጥፎ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የኖረው፤ እጥፋቱ ላይ ያለው ቁጥር ተልጦ አይነበብም። "ወንድሞቼ ተስማምተዋል፣ ስም ማዞሩን ለእኔ ተዉት" አለን። ደላላው ደግሞ "ዛሬ ካልያዛችሁት ነገ ሌላ ሰው አለ" እያለ አጣደፈን። እኛም ያዝነው። 260 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠን። ውሉ ደላላው ቤት በሁለት ገጽ ተጻፈ፤ ሦስት እማኞች ፈረሙ። የትም አልተመዘገበም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ማታ በራችን ተንኳኳ። አንዲት ሴት ነች። ከአጋሮ እንደመጣች ነገረችን። ውሃ ሰጠኋት። ጠጥታ ስትጨርስ ብርጭቆውን እግሯ ሥር አስቀመጠችና መታወቂያዋን አወጣች። የአባቷ ስም ካርታው ላይ ካለው ስም ጋር አንድ ነው። "የአባቴ ቤት መሸጡን ከሰው ነው የሰማሁት። እኔ አልፈረምኩም" አለች። አልጮኸችም። ባለቤቴ የሚመልሰው አጣ።

አሁን ሻጩ ስልክ ሲደወልለት "እኔ እጨርሰዋለሁ፣ እናንተ ቀሪውን አዘጋጁ" ይላል። ቀብዳችን ይመለሳል? ውሉ ያስኬዳል? ከየት ነው የምንጀምረው?

የቦሳ_ልጅ፦ ጥር 11

አይዞሽ እህቴ። ቀሪውን ብር እንዳትሰጡ። አንድ ብር እንኳ። ሌላው ነገር ከዚያ በኋላ ይታያል።

ጠበቃ_ነኝ፦ ጥር 12

እህቴ፣ የጻፍሽው ነገር በየሳምንቱ የማየው ጉዳይ ነው። በደንብ ላስረዳሽ።

መጀመሪያ የቤቱ ባለቤት ማነው የሚለውን እንይ። አባትየው ሲሞቱ ቤቱ ወደ ወራሾቹ ሁሉ ሄዷል። ትልቁ ልጅ አንድ ወራሽ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም። ፍትሐ ብሔር ሕጋችን የጋራ የሆነ ንብረት የሚሸጠው ባለድርሻዎቹ ሁሉ ሲስማሙ ነው ይላል፤ አንቀጽ 1266ን ተመልከቺ። አንዱ ወራሽ የራሱን ድርሻ ብቻ ልሽጥ ቢል እንኳ ሌሎቹ ቀድመው የመግዛት መብት አላቸው። ስለዚህ "ወንድሞቼ ተስማምተዋል" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይፈይድም። እህቱን ደግሞ ጭራሽ አልጠራትም።

እናታቸው በሕይወት አሉ? ካሉ፣ ቤቱም በትዳር ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ ከመጀመሪያውም የእሳቸው ነው። ይህን የሚዘነጋ ገዢ ብዙ ነው።

ሁለተኛው የውሉ ነገር ነው። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም (አንቀጽ 2877)። በፍርድ ቤት ወይም ውል ለመመዝገብ ሥልጣን ባለው ክፍል ፊት መደረግም አለበት (አንቀጽ 1723)። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ብሏል። በኋላ ደግሞ ሻጩ ውሉን ማድረጉን ካልካደ አለመመዝገቡ ብቻውን ውሉን አያፈርሰውም የሚል አቋም መጥቷል። የእናንተ ችግር ግን ከዚህም ይብሳል፤ የሸጠላችሁ ሰው ብቻውን መሸጥ አይችልም ነበር።

ሦስተኛው ቀብዱ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሕግ አለ። ገዢ ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ሻጭ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል (አንቀጽ 1885)። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ውል ሲኖር ነው። ውሉ ከመነሻው ፈራሽ ከተባለ ሁለቱም ወገን ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ 260 ሺው ይመለስልሻል፣ እጥፍ ግን አታገኚም። ብሩን በባንክ ነው ወይስ በእጅ ነው የሰጣችሁት?

የአዌቱ_ማዶ፦ ጥር 12

እግዜር ይስጥልን። እናታቸው ከአባታቸው በፊት ነው ያረፉት አሉ። ብሩን 200 ሺውን በባንክ አስገባን፤ 60 ሺውን ግን ደላላው ቤት በእጅ ቆጥረን ሰጠን። ወረቀቱ ላይ 260 ተብሎ ተጽፏል።

ጠበቃ_ነኝ፦ ጥር 12

ከተጻፈና ከፈረመ ጥሩ ነው። የባንኩን ደረሰኝ ዛሬውኑ ፎቶ አንሺው። የደረሰኝ ቀለም ቶሎ ይጠፋል።

ወጣት_ኢንጂነር፦ ጥር 13

ምን ሽማግሌ፣ ምን ልመና? ክሰሱት! እጥፉን ካልከፈለ ማታለል ነው ብላችሁ ፖሊስ ጋ ሂዱ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ዝም ሲባል ነው ሌላውን የሚበላው። የእኔ ታላቅ ወንድም ሁለት ዓመት በ"እንነጋገር" ብቻ ተመላልሶ ገንዘቡ የቀረችበት ሰው ነው።

እትዬ_መንደራ፦ ጥር 13

ልጄ፣ ስለ ብርሽ አዝናለሁ። ግን ርዕሱን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። "ወራሽ መጣብን" ብለሻል። እኔ ያቺ የመጣችው ሴት ነበርኩ።

አባቴ ሲሞት የጂረን መንገድ ላይ ቤት ትቶ ነበር። እኔ ተድሬ ሰቃ ነበርኩ። ወንድሞቼ ተሰብስበው ሸጡት። እኔን ማንም አልጠራኝም፤ "እሷ ባሏ ቤት ነች" ተባለ። ወሬውን የነገረኝ ለገበያ የወረደ ጎረቤት ነው። አሥራ አራት ወር ፍርድ ቤት ተመላለስኩ። የገዛው ሰውም ተጎዳ፤ ግድግዳውን በብሎኬት ጀምሮ ነበር። እሱ ሲያየኝ ፊቱን ያዞር ነበር። እኔ ምን አጠፋሁ? እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ።

አጋሮ ሂጂና አግኚያት። በወንድሟ አታስፈራሪያት፣ ከደላላም ጋር አትሂጂ። ቁጭ ብላችሁ ስሟት። የአባቴን ቤት የገዛው ሰው አንድ ቀን መጥቶ "እህቴ፣ ምን ይሻልሻል?" ቢለኝ ኖሮ በሳምንት ይጨርስ ነበር።

የአዌቱ_ማዶ፦ ጥር 13

እትዬ፣ አነበብኩት። ለባለቤቴም አነበብኩለት። እሑድ አጋሮ እንሄዳለን።

ደላላ_ነኝ_ሂርማታ፦ ጥር 14

እዚህ ላይ ደላላ ሁሉ ሌባ ሆኖ እንዳይቀር እኔም ልናገር። አሥራ ሰባት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬያለሁ። ገዢን የሚያጣድፍ ደላላ የሚያስበው ለኮሚሽኑ ነው፤ ያ እውነት ነው። እኔ ግን ካርታው በሟች ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ሳላይ ገዢ አላስገባም። ኮሚሽኔንም ግማሹን የምቀበለው ስም ሲዞር ነው። ደላላችሁን "ስም ሲዞር ትወስዳለህ" በሉት። እምቢ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ። ጎረቤት ጠይቁ። በግራ ያለውን፣ በቀኝ ያለውን። ቤቱን ሳይሆን ሰዎቹን ጠይቁ፦ ስንት ልጆች ናቸው፣ ማን ሞተ፣ ማን ውጭ አገር አለ፣ አጥር ላይ ጠብ አለ ወይ። ካርታ የማይነግራችሁን ያቺ ቡና የምታፈላው ጎረቤት ትነግራችኋለች።

ከአዲስ_የመጣሁ፦ ጥር 15

የእኔ ደግሞ በውክልና ነው። ለሌላው ትምህርት ከሆነ ልጻፈው።

ከአምስት ዓመት በፊት እዚሁ ጅማ ቤት ገዛሁ። ሻጩ "ስም ብናዞር ታክስ አለ፣ ውክልና ልስጥህ፣ እንደ ራስህ ኑርበት" አለኝ። የመሸጥ የመለወጥ ውክልና ሰጠኝ። እኔም በዚያው ተመቸኝ። ገንዘቡን ጨርሼ ከፍያለሁ፣ ቁልፉ በእጄ ነው፣ ምን ይመጣል ብዬ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ሰውዬው ታሞ ሞተ። ወካይ ሲሞት ውክልና አብሮ ይቀራል። ይህን ያወቅኩት ስም ላዞር ስሄድ ነው። ባለሙያው ወረቀቴን አይቶ "ይሄ እኮ አይሠራም" ብሎ መለሰልኝ። አሁን ከሟች ልጆች ጋር ነኝ። ከመካከላቸው አንዱ "አባቴ ለመሸጡ ማስረጃህ የታለ?" ይለኛል። የሽያጭ ውል የሚባል የለኝም፤ ያለኝ ውክልና ነው።

ታክሱን ሸሽቼ ቤቱን ላጣ ነው። ውክልና ሽያጭ አይደለም። እባካችሁ።

የቦሳ_ልጅ፦ ጥር 15

ታክሱ ግን ስንት ነው በትክክል? አንዱ 15 ይላል፣ አንዱ 2 ይላል።

ጠበቃ_ነኝ፦ ጥር 16

ሁለቱም አሉ፤ ግን የተለያዩ ናቸው። በፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ላይ 15 በመቶ የተባለው የካፒታል ጥቅም ግብር ነው። የሚሰላው ሻጩ ባገኘው ትርፍ ላይ እንጂ በጠቅላላ ዋጋው ላይ አይደለም፤ ከፋዩም ሻጩ ነው። በዚሁ አዋጅ ሻጩ ከመሸጡ በፊት ለሁለት ዓመት መኖሪያው ብቻ ያደረገው ቤት ከዚህ ግብር ነፃ ነው። ስለዚህ ታክስ ፈርቶ ውክልና የሚሰጥ ሰው አንዳንዴ የሌለበትን ዕዳ ነው የሚሸሸው። 2 በመቶው የቴምብር ቀረጥ ነው። ክልሉ የራሱ ደንብ ስላለው ከመፈረማችሁ በፊት ገቢዎች ሄዳችሁ በቁጥር አሰሩ። ማን ምኑን እንደሚከፍልም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ሌላ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ቀረጥ ለመቀነስ ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ የሚጽፉ አሉ። 2 ሚሊዮን ከፍለው 900 ሺህ ያስጽፋሉ። ነገ ውሉ ሲፈርስ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው። የተረፈውን 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ከማን ይጠይቃሉ? በራሳችሁ ላይ የሐሰት ማስረጃ አትጻፉ።

የአዌቱ_ማዶ፦ ጥር 19

አጋሮ ሄደን መጣን። ዝርዝሩን በኋላ እጽፋለሁ፤ በጣም ደክሞኛል። አሁን ሌላ ጥያቄ አለኝ። ባለቤቴ ትናንት ሜትር ይዞ ግቢውን ለካው። ካርታው 200 ካሬ ይላል። በአጥሩ ሲለካ 243 ሆነ። አቮካዶውና ቡናው ያሉት ያ ትርፉ ላይ ነው። ሻጩ የዋጋውን ነገር ሲያነሳ ሁሌም "ግቢው ሰፊ ነው" ይለን ነበር።

ጠበቃ_ነኝ፦ ጥር 19

የምትገዙት ካርታው ላይ ያለውን 200 ነው። ለ43ቱ ካሬ ብር አትክፈሉ። መሬት እዚህ አገር አይሸጥም፤ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ተጽፏል። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤትና የመጠቀም መብቱ ነው። ካርታ የሌለው ቁራጭ ላይ ደግሞ ሻጩ ራሱ መብት የለውም።

ሌላው ነባር ይዞታ (ከሊዝ ውጭ ቀድሞ የተያዘ መሬት) መሆኑ ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ 721 ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ እንደ ነባር እንዲቀጥል ይፈቅዳል። በሽያጭ ሲተላለፍ ግን ገዢው የሚይዘው በሊዝ ነው። ለመኖሪያ 99 ዓመት። በየዓመቱ ስንት እንደሚመጣባችሁ ከመሬት ባለሙያ ጠይቃችሁ ከዋጋው ጋር ደምሩት። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ስም ሊያዞር ሲሄድ ነው።

ጡረተኛ_ባንክ_ቤት፦ ጥር 20

ለመፈረም ስትሄዱ ዕዳና እገዳ ማጣራትን አትርሱ። ካርታው በባንክ መያዣ ተይዞ ሊሆን ይችላል። በአዋጅ 97/1990 ባንክ መያዣ የያዘውን ቤት ፍርድ ቤት ሳይሄድ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ ይሸጣል። ዋናው ካርታ የት አለ በሉት። ፎቶ ኮፒ ብቻ የሚያሳይ ሻጭ ካለ ቆም በሉ።

አባ_ቡና፦ ጥር 21

የዳር አገሩንም እንናገር። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የገበሬ መሬት "ካርታ ይወጣለታል" እያሉ ይሸጣሉ። ገበሬው ይፈርማል፣ የቀበሌ ሰው እማኝ ይሆናል፣ ሰው ሌሊቱን ጨረቃ ቤት ይሠራል። የገጠር መሬት መሸጥ አይቻልም። ውሉ ከመጀመሪያው የለም። እኔ የማውቀው ሰው የቡና ተክሉን ሸጦ ገዝቶ፣ ሲፈርስ ቆርቆሮውን በጋሪ ጭኖ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አያልፍም። ገበሬውም ቢሆን መሬቱ ሄዶበት፣ ብሩ አልቆበት ነው የቀረው። ለሁለቱም አዝናለሁ።

ወጣት_ኢንጂነር፦ ጥር 22

ክሱስ? አሁንም ክሰሱ ነው የምለው።

ጠበቃ_ነኝ፦ ጥር 22

ወንድሜ፣ መክሰስ መብታቸው ነው፤ እኔም የምኖረው በዚያ ነው። ግን ቤቱን ይፈልጉታል ወይስ ብሩን? ብሩን ከሆነ ይክሰሱ። ቤቱን ከሆነ የሚያስፈልጋቸው ፊርማ ነው። ፊርማው ደግሞ በእህትየዋ እጅ ነው።

የአዌቱ_ማዶ፦ የካቲት 9

ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ጠይቆኛል፤ ሁሉንም ላውራችሁ።

አጋሮ የሄድነው አምስት ኪሎ ስኳር ይዘን ነው። አዴ (እህትየዋን እንዲህ ነው የምጠራት) ቡና አፈላችልን። ስለ ቤቱ ያወራነው ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ነው። ቤቱ መሸጡን አትቃወምም። ወንድሞቿ ሳይነግሯት መሸጡ ነው ያመማት። "አባቴን እኔ ነኝ ያስታመምኩት። በዚያ ቤት፣ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ" አለችን። ያን ክፍል ለልጆቻችን መኝታ አስበነው ነበር። ባለቤቴ አቀርቅሮ ቀረ። "ወራሽ መጣብን" ብዬ መጻፌ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከብዶኛል።

ከዚያ ሽማግሌ ተቀመጠ። የሟቹ ታናሽ ወንድም የሆኑ ሀጂ፣ ሁለት የሰፈር ሰዎች፣ ወንድማማቾቹ፣ አዴና እኛ። ሻጩ ከቀብዱ 80 ሺህ አጥፍቷል። ለልጁ ሕክምና ነው አለ። መጀመሪያ ተናደድኩ። የሆስፒታል ወረቀቱን ሲያሳይ ዝም አልኩ። ሀጂ "ብሩ ከድርሻህ ይቀነሳል፤ እህትህን ግን አሁን እዚሁ ይቅርታ ትጠይቃለህ" አሉት። ጠየቃት። ወዲያው አልመለሰችለትም። ቆይታ ነው "ይሁን" ያለችው።

የተስማማነው እንዲህ ነው። የድሮው ወረቀት ተቀደደ። ቀብዱ እንደተከፈለ ታምኖ በአዲስ ወረቀት ተጻፈ፤ ሁሉም ፈረሙ። ዋጋው ለ200 ካሬው ብቻ ሆኖ 2 ሚሊዮን 350 ሺህ ወረደ። መጀመሪያ ወራሽነት ይጣራል፣ ካርታው በወራሾቹ ስም ይዞራል፣ ከዚያ ብቻ የሽያጩ ውል ይመዘገባል። ቀሪውን ብር የምንከፍለው ውል በሚመዘገብበት ቀን ነው፤ ለእያንዳንዱ ወራሽ በየሒሳብ ቁጥሩ። ደላላውም ኮሚሽኑን ያኔ ይወስዳል።

አላለቀም ግን። ሀጂ ወራሾችን ሲቆጥሩ አንድ ስም ጨመሩ። አራተኛው ወንድማቸው ያረፈው አምና፣ ከአባትየው በኋላ ነው። በሸሪዓ ከታየ ድርሻው ወደ ሚስቱና ወደ ልጁ ይሄዳል። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ሻጩ ይህንንም አልነገረንም። ጠበቃ፣ ይሄስ እንዴት ይሆናል?

ጠበቃ_ነኝ፦ የካቲት 9

ሀጂ ትልቅ ነገር አተረፉላችሁ። ልጁ ለአካለ መጠን ስላልደረሰ እናቱ ሞግዚት ሆና ትቆማለች። የልጁን ድርሻ ለመሸጥ ግን የእሷ ፊርማ ብቻውን አይበቃም፤ ፍርድ ቤቱ ለልጁ ጥቅም መሆኑን አይቶ መፍቀድ አለበት። ያለ ፈቃድ ብትገዙ ልጁ አድጎ ይጠይቃችኋል። ብሩም በልጁ ስም ባንክ ይግባ።

ሁሉም ወራሾች ከተስማሙ ወራሽነቱን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማጣራት ይችላሉ። አንዱ እንኳ ካልተስማማ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። የአራተኛውን ወንድም ሚስት ማን ያነጋግራታል?

የአዌቱ_ማዶ፦ የካቲት 10

አዴ ራሷ። "እሷንም እኔን እንዳደረጉኝ አያደርጓትም" ብላ ትናንት ሰቃ ሄዳለች። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ፍርድ ቤት በር ላይ እንገናኛለን። ካርታውን ሁለት ኮፒ አንስቻለሁ። ማመልከቻው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ሀጂ ቃል በቃል ያነቡልናል።

እትዬ_መንደራ፦ የካቲት 10

እንኳን ሄደሽ አገኘሻት ልጄ። ሰላም በያት፤ ከመንደራ ነው በያት።

ደላላ_ነኝ_ሂርማታ፦ የካቲት 10

የልጁን የልደት ማስረጃና የአባቱን የሞት ማስረጃ እናቱ ይዛ ትምጣ። ያለዚያ ሐሙስ ሄዳችሁ ሰኞ ተመለሱ ትባላላችሁ።

የአዌቱ_ማዶ፦ የካቲት 10

አሁኑኑ ለአዴ ልደውልላት።